ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ዕውቀት
(በከላላ ለአንደኛ ደረጃ መምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



ሕፃን የትምህርት ቤትን ደጅ ሲረግጥ ባዶ እጁን አይመጣም። ስሙን፣ የአያቱን ተረት፣ የእናቱን የቡና ሥርዓት፣ የመንደሩን ቅሬ ይዞ ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ አንዱ ምክንያቱ ሕፃን ከሚያውቀው ሲነሣ የተሻለ ይማራል የሚል ነበር። በከላላ የቤቱም የክፍሉም ቋንቋ አማርኛ ነው። የቤቱ ዕውቀት ግን ብዙ ጊዜ ለበዓል ትርኢት ብቻ የሚጠራ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። እኛ የምንለው፣ በየትምህርቱ ቦታ ይኑረው ነው።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ልጁ ስሙን ማን እንዳወጣለት፣ ለምንም እንደ ወጣለት ጠይቆ ይጻፍ። በአካባቢ ሳይንስ የደጋውን ገብስና የቆላውን ማሽላ ልዩነት ከዘመዶቹ ማሳ ተነሥቶ ይማር። በሥነ ጥበብ በሞሰቡ ላይ ያለውን የስፌት ጌጥ ይሣል፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ብቻ ሳይሆኑ የዜማ ቅኝቶችም መሆናቸውን በጆሮው ይለይ።

በሒሳብም እንዲሁ። በክርስቲያኑ ቤት ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ ቢያባዛ፣ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። ስማችን ከእነዚህ ሁሉ የሚጠራው የአባትን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዛምዶ በኖረበት በወሎ ምድር፣ ይህን ስሌት የሠራ ልጅ ጎረቤቱን ባዕድ ለማለት ይቸገራል።

ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጥያቄ ሊያቆስልም ይችላል። “የአባትህን ሥራ ጻፍ” ሲባል አባቱን በሞት ያጣው ምን ይጻፍ? እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳባት በአያቷ እጅ የምታድገውስ? በክፍል ፊት አንገቱን የደፋ ልጅ ያን ቀን የተማረው ኀፍረትን ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን “የሚያሳድግህ ማን ነው? ከእርሱስ ምን ተማርህ?” የሚል ይሁን። መናገር ያልፈለገ ልጅ አይገደድ። የቤቱም እምነት የሚከበርበት እንጂ የሚመረመርበት አይሁን።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ በቡናው ዙሪያ ስለ አያቶቹ ሲጠይቃችሁ “ተወኝ፣ ሂድና አጥና” አትበሉት። ያን ጊዜ እያጠና ነውና።

ቸሩ አምላክ ልጆቻችንን ያሳድግልን።