ከማጽናት በኋላ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ «ወጣት ክርስቲያን ከማጽናት በኋላ» የሚል ነው። ርእሱን በተቀበልን ጊዜ ቀላል መስሎን ነበር፤ ለመጻፍ በተቀመጥን ጊዜ ግን የገዛ ራሳችን ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ከበደን።

ማጽናት የምንለው በሕፃንነቱ የተጠመቀ ልጅ ዐድጎና ተምሮ፣ በጥምቀቱ ቀን ሌሎች ስለ እርሱ የመሰከሩትን እምነት በጉባኤ ፊት በገዛ አፉ የሚመሰክርበት ሥርዓት ነው። ለዚህም ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ካሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ዐሠርቱ ትእዛዛትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ የጌታን ጸሎት፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ቅዱስ ቍርባን የተጻፈውን እንማራለን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች የሆናችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ በተጠመቃችሁበት ዕለት በቅዱስ ሜሮን ታትማችኋል። ሥርዓቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ይኸውም በልጅነት የተቀበልነውን እምነት ዐድገን ምን እናደርገዋለን የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ትዝ ያለን ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ተዳፋት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር በዚያ ቦታ የጽድና የወይራ ችግኝ ተክለን ነበር። መምህራን ነበሩ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ክረምቱ ደግ ስለ ነበረ ችግኙ ሁሉ ለመለመ፤ እኛም ሥራችንን የጨረስን መስሎን ሄድን። የጥር ፀሐይ በመጣ ጊዜ ግን ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመር፤ በየካቲት ብዙው ደርቆ እንደ እንጨት ቆመ። ሳይደርቅ የቀረው በአጥሩ በኩል ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ዘበኛችን አባባ ማታ ማታ እጃቸውንና ዕቃቸውን ያጠቡበትን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ያጠጡት እንደ ነበረ ሰማን። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ማንም አልነበረም።

የእኛም ማጽናት እንደዚያ የሰኔ ቀን ነበረ። ነጭ ለብሰን በተርታ ቆምን፤ የተጠየቅነውን ሳንሳሳት መለስን፤ እናቶቻችን እልል አሉ፤ በየቤታችን ዳቦ ተቆረሰ። በተከታዩ እሑድ ተቀምጠንበት የነበረው አግዳሚ ወንበር መሳሳት ጀመረ። አንዳችን ፈተና ደርሶብኛል አልን፤ አንዳችን ታናናሾቼን እጠብቃለሁ አልን፤ አንዳችን ደግሞ ሌሊቱን በስልክ ስንጫወት አምሽተን ጧት መነሣት አቃተን። እምነታችንን የካድን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ብንጠየቅ ሁላችንም ክርስቲያን ነን እንል ነበር። ነገር ግን የተማርነው ትምህርት እንደ አለፈ የክፍል ደብተር ተዘግቶ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የምናፍርበትን ነገር እንድንናገር ይፈቀድልን። ከእኛ ጋር ከጸኑት መካከል አንድ ጓደኛችን አባቱ ሞቱበት። ከትምህርት ቀርቶ ቤተ ሰቡን ለመርዳት ሥራ ገባ። በክፍል ውስጥ መቅረቱን ዐወቅን፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሄደ መሰለን። እርሱ ግን በየእሑዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር። እኛ ስለማንመጣ አላየነውም። ከብዙ ሳምንታት በኋላ በገበያ ተገናኝተን ሐዘኑን በሰማን ጊዜ «እንዴት ሳትነግረን ቀረህ?» አልነው። እርሱም ቈጣ ሳይል፣ «ከእናንተ አንዱ ይመጣል እያልሁ በዚያው በወንበራችን ላይ እቀመጥ ነበር» ብሎ መለሰልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት የራሳችን ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ለመናገር አፍ የለንም።

እንግዲህ ሥር የሚሰደደው እንዴት ነው? ከእኛ በፊት ከነበሩት ሰዎች ሕይወት እንማር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ተሰርቀው በባርነት ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1872ም ተጠመቁ። ከዚያ በኋላ ወገኖቻቸው ወዳሉበት አገር ለመድረስ ደጋግመው ቢሞክሩም መንገዱ ተዘጋባቸው። በመጠበቅ ባለፈው ዘመን ግን ሥራ ሳይፈቱ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ይተረጕሙ ነበር። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖም በቃላቱ ስብሰባና በትርጕሙ እጅግ ደከሙ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ከጥምቀታቸው እስከዚያ ቀን ሠላሳ ሁለት ዓመት ይሆናል። ያን ሁሉ ዘመን ያጸናቸው የጥምቀታቸው ዕለት ደስታ ብቻ ነበረ ለማለት አንደፍርም። በየቀኑ የሚጠብቃቸው ሥራ ነበራቸው፤ በሥራውም አብረዋቸው የሚደክሙ ሰዎች ነበሩ።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ። በዚያ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ ምእመናንም በየቤቱ ተሰውረው ይጸልዩ ነበር። ዛሬ በእኛ ፊት የተዘጋ በር የለም። በሩ ተከፍቶልን ሳለ አለመግባታችን ነው የሚያሳዝነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ እኛ ተመራቂዎቹ እንለያያለን። አንዳችን ወደ ጎንደር፣ አንዳችን ወደ ጅማ፣ አንዳችን ወደ ሐዋሳ እንመደብ ይሆናል፤ አንዳችንም ሥራ ፍለጋ እንወጣ ይሆናል። በዚያ ስማችንን የሚያውቅ ቄስ፣ ለምን ቀረህ የሚል ጎረቤት አይኖርም። ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል።

አንደኛ፣ በደረስንበት ከተማ የመጀመሪያው እሑድ ሳያልፍ የምንጸልይበትን ማኅበር ፈልገን ስማችንን እንናገራለን። ሁለተኛ፣ ለመቀመጥ ብቻ አንሄድም፤ ሕፃናትን ማስተማርም ቢሆን ወንበር ማስተካከልም ቢሆን አንድ ሥራ እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ አንዱ ለሌላው ይደውላል። ያ ሌሊቱን ያሳጣን ስልክ ለዚህ ደግ ሥራ ይዋል። የሚከብደንን ጥያቄም ከራሳችን አንሰውርም። ካቴኪዝሙ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ ትርጕሙን የሚጠይቀን፣ እምነት መጠየቅን የሚፈራ ስላልሆነ ነው።

ውድ ወላጆቻችን፣ የማጽናት ቀን ድግሱን አሳምራችሁ ስለ ደገሳችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከድግሱ በኋላም በማታ ጸሎት ጊዜ ስማችንን ጥሩ፤ ስንቀርም ጠይቁን። የተከበራችሁ መምህራን፣ በተማሪነታችን የጠየቅናችሁን እንደ ድፍረት ሳትቈጥሩ ስለ መለሳችሁልን ውለታችሁን አንረሳም። ታናናሾቻችን ሆይ፣ በዚህ ዓመት የምትጸኑት፣ በወንበሩ ላይ ከአጠገባችሁ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ልብ አድርጋችሁ እዩ። በሚቀጥለው እሑድ ቢጐድል ቤቱ ድረስ ሂዱ።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር አይመረቅም፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከወላጆች መካከል ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ሁላችንም አብረነው በአሮጌው ወንበራችን ላይ ተቀመጥን። በተዳፋቱ ላይ በደረቁት ፈንታም አዲስ ችግኝ ለመትከል ጕድጓድ ቈፍረናል። እኛ ከሄድን በኋላ በጥርና በየካቲት የሚያጠጡት እነማን እንደ ሆኑ ግን ከወዲሁ ተጽፎ በዘበኛችን በአባባ እጅ ይገኛል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።