የእሳት ጊዜ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥና የሚያነክስ ያረጀ የጭነት መኪና ሞተር እንዴት እንደሚመረመር ነው። ነገሩ ለሁላችንም የታወቀ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ አንነጋገርበትም። እኔ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ለማስረዳት እሻለሁ፤ ይኸውም የእሳት ጊዜ የመጨረሻ ማስተካከያ እንጂ የመጀመሪያ መድኃኒት አለመሆኑን ነው።

በመንገዶቻችን ስሙ የገነነው ፊያት 682 ኤንትሬ በናፍታ የሚሠራ በመሆኑ ካንዴላ የለውም፤ ምርመራውም ሌላ ነው። ንግግሬ የሚመለከተው ቤንዚን የሚጠቀሙትንና ዲስትሪቢውተራቸው ፑንቲና ያለውን አሮጌ መኪኖች ነው።

ለምሳሌ መቻራን እንውሰድ። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,760 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ቡና ጭኖ የተነሣ መኪና በገለምሶና በበዴሳ አልፎ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ይደርሳል፤ ከጭሮም ወደ ሚኤሶ ቆላ ወርዶ አዋሽ ሰባት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። እንግዲህ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሞተሩ የሚስበው አየር ይለወጣል ማለት ነው። መካኒኩም የሚሳሳተው በዚሁ ነው።

የጥገና መጻሕፍት ጤናማ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች የሜርኩሪ ቫኪዩም እንደሚያሳይ ይገልጻሉ። ይህ ግን በባሕር ወለል የተለካ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ያው ጤናማ ሞተር መቻራ ላይ ከ11 እስከ 15 ቢያሳይ ተገቢ ነው። ይህን ያላሰላ ባለሙያ «እሳቱ ዘግይቷል» ብሎ ዲስትሪቢውተሩን ያዞራል።

እሳቱ ሲቀድም በርግጥ ሚኒሞው ከፍ ይላል፤ መንቀጥቀጡም የጠፋ ይመስላል። በደጋው ስስ አየር የሲሊንደሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ማንኳኳቱ ላይሰማ ይችላል። መኪናው ጭነቱን ይዞ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ያን ጊዜ በሙሉ ጋዝ ሲጎትት ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ የፒስቶኑ ራስ ሊበሳ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም ሊቃጠል ይችላል። ባለመኪናው ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ መቻራ የተደበቀው ጥፋትም አልዳነም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን።

አንደኛ፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ሽቦዎችን በማይነዝር ፒንሳ አንድ በአንድ መንቀል፣ የተነቀለውንም ከሞተሩ አካል ጋር ማገናኘት ነው። ሽቦው ሲነቀል ድምፁ የማይለወጥ ሲሊንደር ሥራ ፈት ነው። ካንዴላውና ሽቦው ደኅና ከሆኑ ኮምፕረሲዮኑ ይለካ። አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ባልቮላ ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢደክሙ ጓርኒሲዮኑን እንይ።

ሁለተኛ፦ በካርቡራቶሩ ሥርና በማኒፎልዱ ዙሪያ አየር እንዳያስገባ መፈተሽ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን እንደሚያበዛም አንርሳ፤ የጠቆረ ካንዴላ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፦ ፑንቲናው ነው። ካሙን የሚነካው ተረከዝ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ደግሞ ይቀድማል። ስለዚህ የእሳት ጊዜን አስቀድሞ አስተካክሎ ፑንቲናውን ኋላ መንካት ድካምን ማፍረስ ነው።

አራተኛና መጨረሻው የእሳት ጊዜ ነው። የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ ይደፈን፤ ሞተሩ ይሙቅ፤ ሚኒሞው በመጽሐፉ ልክ ይሁን፤ ከዚያም በመብራት ይታይ። ለምሳሌ የቶዮታ 2ኤፍ ሞተር የእሳት ተራው 1-5-3-6-2-4፣ ጊዜውም ከላይኛው ነጥብ በፊት 7 ዲግሪ ነው። ምልክቱ በመብራቱ ሥር ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ መላላት ነው፤ ማዞር አያድነውም። በደጋ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻል ይሆናል፤ ቆላ ለሚወርድ መኪና ግን ልኩ የቆላው ነው።

ባልደረቦቼ፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሪሲዮን የምንላቸውን ስሞች ከነዕቃው ከጣሊያኖች ተረክበናል። የፋብሪካውን ቁጥር ለአገራችን ዳገትና ቁልቁለት ማስላት ግን የእኛ ፈንታ ነው። እያንዳንዱ ጋራዥ በከተማው ከፍታ ጤናማ ሞተር የሚያሳየውን ልክ ጽፎ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል፣ ተለማማጆቻችን ጆሯቸውን ብቻ ከማመን ይድናሉ፤ ባለመኪናውም የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛት ይተርፋል።