መዝገባችን ላይ የሌለው ወጪ
(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የተደረገ ንግግር)



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የተነሣሁት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በዚያው ዕለት ወደ ቤት ስለሚመለሱ አባሎቻችን ለመናገር ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዓይን ሞራ ነው። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ጠዋት ሆስፒታል ገብታ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ተሸፍኖ የተመለሰች እናት በየሰፈራችን አለች። አስታማሚዋ ራሷ ናት።

ጠብታው ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ይቀጥላል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁለት ዓይን ያላትም አታነበው! ሁለት ዓይነት ከሆነ በአንዱ ላይ ክር እሰሩበት። ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሣት፣ ዓይን ማሸት፣ ውሃ ማስገባት ክልክል ነው። እስቲ አስቡት፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ወይም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ይህን እንዴት ታክብር? ምጣዱ ይጨሳል፣ ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ነው። ሐኪሙ «ዕረፊ» ሲላት የምትሰማው «አትብዪ» የሚል ነው።

አንዲት አባላችን በአምስተኛው ቀን ምጣድ ፊት ተቀመጠች። ጎረቤት ሁሉ ተቆጣት። እኔ ሒሳቡን ስጠይቃት የቤት ኪራዩ ቀን ደርሶ ነበር። ምን ታድርግ?

ጠያቂ አይቅርባት፤ ዕጣኑና የከሰሉ ጢስ ግን ይቅር። ስለ ጠበል ለጠየቃችሁኝ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ፊትን ባይነካ ይሻላል፤ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ሕመሙ ከባሰ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ ወይም ዕይታው ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው።

እስካሁን ማኅበራችን ለታካሚ የሚከፍለው የመጓጓዣ ብቻ ነው። ከሚቀጥለው በጀት ለጠብታ መግዣና ለሁለት ሳምንት የቤት ቀለብ እንዲያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሃ መቅዳቱን በተራ እንያዘው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ዕቁብ የምትጥሉም፣ ዕጣ የወጣላት ተራዋን ለታካሚዋ ብትለቅላት ደግ ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ለእያንዳንዱ ጠብታ የፋርማሲውን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር አያይዤ አሳያችኋለሁ።

ጥያቄ ካለ ልቀበል፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥበት።