የኦሴር እግር ኳስ ክለብ፤ ተጫዋች ማፍራትና ተተኪ ማፍራት



ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዮን ወንዝ ዳር የምትገኘው ኦሴር፣ የነዋሪዎቿ ቍጥር 35 ሺህ ያህል የሆነ የቡርጎኝ ከተማ ናት። ይህችን የመሰለች ትንሽ ከተማ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ማውጣቷ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። ተአምር የሚሉት ሰዎች ግን ሥራው የፈጀውን ዘመን አልቈጠሩም።

ክለቡን በ1905 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የመሠረቱት ኤርኔስት ዴሻም የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። ያ ዓመት በፈረንሳይ ቤተ ክህነትና መንግሥት በሕግ የተለያዩበት ነበር። ስታዲየሙ ዛሬም በቄሱ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ክለቡን ከአካባቢው ውጭ የሚያውቀው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1961 ገና 22 ዓመት የሆናቸው ጊ ሩ አሠልጣኝ ሆኑ፤ በ1963 ደግሞ ዣን ክሎድ ሃሜል የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ያዙ። ሩ በመካከል ጥቂት ጊዜ ከማቋረጣቸው በቀር እስከ 2005፣ ሃሜል እስከ 2009 በየቦታቸው ቈዩ። አሠልጣኝ ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ በሚሰናበትበት ሙያ ይህ የሚያስደንቅ ነው። ክለቡ በ1974 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወጣ፤ በ1979 ገና በዚያው ሳለ ለፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በተጨማሪ ሰዓት በናንት 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ1980 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ።

ሀብታም ክለቦች ተጫዋች ሲገዙ ኦሴር የመረጠው ማሳደግን ነበር። ወጣቶችን ከሩቅም ከቅርብም እየሰበሰበ በማሠልጠኛው እያኖረ ያስተምር ነበር። ከማርሴይ የመጣው ኤሪክ ካንቶና በ1983 በ17 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ ባዚል ቦሊና ጂብሪል ሲሴም የዚሁ ቤት ፍሬዎች ናቸው። ሩ ቁጥብነታቸው የታወቀ ሲሆን፣ ልጆቹ ማታ ወጥተው እንደ ሆነ ለማወቅ የመኪናቸውን ሞተር ሙቀት በእጃቸው ይዳስሱ ነበር ይባላል። ፍሬውም ታየ፤ በ1993 ለአውሮፓ ዩኤፋ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በዶርትሙንድ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ፤ በ1994 የፈረንሳይን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1996 ሻምፒዮንነቱንና ዋንጫውን አንድ ላይ ጠቀለለ።

ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን መሠረቱ እየተናጋ ነበር። በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ ምንም ክፍያ ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ክለብ መሄድ ቻለ። አሳድጎ በመሸጥ ለሚኖር ክለብ ይህ ከባድ ዱላ ነበር።

ሌላው ችግር ግን ከቤት የመጣ ነው። በ2000 ሩ ሥራውን ለወጣቶች ማሠልጠኛ ኀላፊ ለዳንየል ሮላን አስረከቡ፤ ዓመት ሳይቈይ፣ በ2001፣ ራሳቸው ተመለሱ። ክለቡ ምንም ያህል ተጫዋች ቢያፈራ፣ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ለማፍራት የነበረው ዕድል ያኔ አመለጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2005 ሩ ሰዳንን 2 ለ 1 አሸንፈው የፈረንሳይን ዋንጫ በማንሣት ሲሰናበቱ፣ ተተኪያቸው ዣክ ሳንቲኒ የመጡት ከውጭ ነበር፤ የቈዩትም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ርስቱ ግን ወዲያው አላለቀም፤ በዣን ፈርናንዴዝ አሠልጣኝነት ቡድኑ በ2010 በሊጉ ሦስተኛ ወጥቷል። በ2012 ግን ከ32 ዓመት በኋላ ወረደ።

በ2016 አብዛኛው ድርሻ ለአንድ ቻይናዊ ባለሀብት ተሸጠ። በ2022 ሳንት ኤትየንን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ወደ አንደኛው ሊግ ተመለሰ፤ በ2023 ዳግመኛ ወረደ፤ በ2024 የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ።