ትኩስ ሥጋና የኮሶ ትል



ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ወደ አሞራ ገደል ብንወርድ፣ አሁን ከሐዋሳ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ተገፎ በጥሬው ከዳጣ ጋር ይቀርብልናል። «ትኩስ ነው» መባሉ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። ጥሬ ሥጋንም የምንበላው በዚሁ እምነት ነው፤ እኔም ለብዙ ዓመታት በልቻለሁ።

ትኩስነት ግን የሚጠብቀን ከብልሽት እንጂ ከጥገኛ ትል አይደለም። የኮሶ ትል እጭ በበሬው ጡንቻ ውስጥ የሚሰፍረው እንስሳው በሕይወት ሳለ ነው፤ ስለዚህ እንደታረደ የተበላ ሥጋ እጩን ሕያው እንደሆነ ያደርስልናል። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ አይገድለውም። የቄራው መርማሪ ሥጋውን ሰንጥቆ በዓይኑ ቢመለከትም ጥቂት እጮች ሊያመልጡት ይችላሉ። አስተማማኙ እሳት ነው።

በተበላሸ ምግብ ላይ ደግሞ እሳትም አይታመንም፦ ሙቀት ላይ በዋለ ወጥ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ያመነጨው መርዝ፣ ወጡ እንደገና ቢንተከተክም አይጠፋም።

በሬው ትሉን ከየት አመጣው? ከእኛ። ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ሰው የወጣው እንቁላል ከሣር ጋር ይጋጣል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ትሉን ለማስወጣት ነበር፤ የወጣው ትል ግን ከነእንቁላሉ ሜዳው ላይ ይቀር ነበር። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ውጠን እንገላገላለን፤ መጸዳጃ ቤት በሌለበት የግጦሽ መሬት ግን ዑደቱ አሁንም ይቀጥላል።