ስለ አገር ቤት የምናነበውን ማን ይምረጥልን?

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ኮሎምበስ፣ ኢስተን የቀረበ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና ጣቢያ ነበር። የእኔ ርእስ ከዚያ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ኮሚቴው የሰጠኝ ሥራ ይህ ነው፦ ስለ ደብረ ታቦርና ስለ አካባቢዋ የሚወጣውን ዜና በአንድ ቦታ ሰብስበን፣ በኮምፒውተርም በስልክም የምናነብበት፣ የማኅበሩ የራሱ የሆነ የዜና ማንበቢያ ቢኖረን የትኛው ይሻላል? ሁለት ፕሮግራሞችን ለሦስት ወር ጎን ለጎን ሞክሬያለሁ። ያየሁትን አቀርባለሁ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ለምን አስፈለገን?

እኛ እዚህ ኦሃዮ ተቀምጠን የምንወስነው በሰማነው ነው። መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ተማሪው ትምህርት ጀምሯል? ዕቃ የጫነ መኪና ያልፋል? መጀመሪያ ቤተሰብ ጋ እንደውላለን። ስልኩ አልሠራ ሲል ፌስቡክና ቴሌግራም እንከፍታለን። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ በቀነሰ ቁጥር እዚህ የሚፈበረከው በዛ። የዱሮ ፎቶ አዲስ የከተማ ስም እየወጣለት ዞረ። ሲያለቅሱ ያደሩ እናቶች ጠዋት ላይ ወሬው ሐሰት መሆኑን ሰሙ።

ይህ የወሬ አቀባዮች ጥፋት ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ጽሑፎችን የሚያሰልፈው በወጡበት ሰዓት ተራ ሳይሆን፣ ሰውን ያነጋግራሉ፣ ገጹ ላይ ያቆዩታል ብሎ በገመተው መጠን ነው። የሚያስቆጣ ነገር ደግሞ ሰውን ያነጋግራል። ይህ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ ክስ ከእኛው ክልል ወጥቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2021 በባሕር ዳር በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፣ ጽሑፎችን የሚያሰልፈው አሠራር ጥላቻን ያራግባል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ፍርዱን ለዳኞቹ እንተወው። ለእኛ የሚቀረው ጥያቄ፣ ስለ አገራችን የምናነበውን ማን ይምረጥልን የሚለው ነው።

ማንበቢያው እንዴት ይሠራል?

ብዙ የዜና ድረ ገጾች ከሚታየው ገጽ ጀርባ ፊድ የሚባል አንድ ትንሽ ፋይል አላቸው። አሠራሩ አርኤስኤስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። በፋይሉ ውስጥ የአዳዲስ ጽሑፎች ርእስ፣ ማጠቃለያ፣ ቀንና ሊንክ ተደርድሮ ይገኛል። ማንበቢያው እንደ ተላላኪ ልጅ ነው። በሰጠነው ዝርዝር መሠረት በየተወሰነ ሰዓት ቤት ለቤት ዞሮ፣ አዲስ ያገኘውን በወጣበት ሰዓት ተራ አስይዞ ያመጣል። ያላዘዝነውን አያመጣም። ፖድካስት የሚሰማ ሰው ሳያውቀው በዚሁ አሠራር እየተጠቀመ ነው። የዩቲዩብ ቻናሎችም ፊድ አላቸው።

“እንደ ፊድሊ ያሉ በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች እያሉ ለምን የራሳችን?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለአንድ ሰው እነዚያ ይበቃሉ። ለማኅበር ግን ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛው፣ ጉግል ሪደር የሚባል ብዙ ሰው የሚወደው ማንበቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። ተጠቃሚው ቢለምንም ባለቤቱ የወሰነው ሆነ። የኪራይ ቤት ነውና ባለቤቱ ልቀቁ ሲል መልቀቅ ግድ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው የሚያነባቸው ምንጮች ዝርዝር ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ከመካከላችን በየዓመቱ አገር ቤት የሚገባ አለ፤ እዚያ ቤተሰብ ያለው ደግሞ ሁላችንም ነን። ማን ምን እንደሚያነብ የሚያሳይ መዝገብ በማናውቀው ሰው እጅ ባይቀመጥ ይመረጣል። በራሳችን ሰርቨር ላይ ቢሆንም አስተዳዳሪው መዝገቡን ማየት ይችላል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹን እንደ ገንዘብ ያዥ ተጠንቅቀን እንምረጥ።

ሁለቱ እጩዎች

የሞከርኳቸው ፍሬሽአርኤስኤስና ሚኒፍለክስ ይባላሉ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነና ለብዙ ተጠቃሚ የተለያየ መግቢያ የሚሰጡ ናቸው። ሁለቱም ዝርዝሩን ኦፒኤምኤል በሚባል ፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ ማንበቢያ ለማዛወር ይፈቅዳሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ የምንመርጠው ነገ ባይስማማን ምንጮቻችንን ተሸክመን እንወጣለን።

ሚኒፍለክስ ቀላልና ፈጣን ነው። ጌጥ የለውም፤ ያልተነበበው ተሰልፎ ይታያል፣ ያነበባችሁት ይሄዳል። የአንባቢን ዱካ የሚከታተሉ ድብቅ ምስሎችን ከጽሑፉ ያወጣል። ፊዱ ማጠቃለያ ብቻ ሲሰጥ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሙሉውን ጽሑፍ ማምጣት ይቻላል። ችግሩ፣ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል የመረጃ ቋት ብቻ ነው፤ እርሱን መትከልና መጠበቅ የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ፍሬሽአርኤስኤስ ገጹ ሞላ ያለ ነው፤ ምንጮችን በየዘርፉ ከፍሎ በግራ በኩል ያሳያል። መረጃውን ኤስኪውላይት በሚባል አንድ ተራ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያ ማስቀረት ማለት አቃፊውን መቅዳት ማለት ነው። እንደ ራስበሪ ፓይ ባለ በመዳፍ በሚያዝ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል። ፊድ የሌለውን ገጽ እያነበበ ርእሶቹን እንዲለቅም ማዘዝ ይቻላል። ደካማ ጎኑ ሙሉ ጽሑፍ ማምጣት ላይ ነው፤ ይቻላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ምንጭ የጽሑፉን ቦታ አንድ ጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል።

በስልክ በኩል ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙዎቻችን የምናነበው በሥራ እረፍት ላይ ነው፤ ከመጋዘን፣ ከመኪና፣ ከሆስፒታል። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ከምድር በታች ባለው ፎቅ ሲግናል የለም። ስለዚህ ዜናውን ሲግናል ባለበት አውርዶ በሌለበት የሚያስነብብ አፕ ያስፈልጋል። በአይፎን ኔትኒውስዋየር የሚባለው ነጻ አፕ ከፍሬሽአርኤስኤስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በአንድሮይድ ሪድ ዩ እና ሪድሮፕስ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ፍሉየንት ሪደር አሉ። በስልክ ያነበባችሁት በኮምፒውተሩም እንደተነበበ ይቆጠራል። ሚኒፍለክስም ከብዙ አፖች ጋር ይሠራል፤ ነገር ግን ለአባቶቻችን ስልክ ላይ በቀላሉ ያስገባሁት ፍሬሽአርኤስኤስን ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ አፑ የሚገባበት የይለፍ ቃል ከገጹ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፤ መጀመሪያ በአስተዳዳሪው በኩል መከፈት አለበት። “አልገባ አለኝ” የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ፍሬሽአርኤስኤስ ነው። ሚኒፍለክስ ኮምፒውተር ለሚያውቅ አንድ ሰው ቢሻል እንኳ፣ የምንመርጠው ለማኅበር ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው ልጅ ነገ ሥራ ቀይሮ ወደ ዳላስ ቢሄድ ሌላው በአንድ ቅዳሜ ሊረከበው የሚችለው የትኛው ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

በፊደላችን መፈለግ

ማንበቢያው ውስጥ የፍለጋ ቃል አስቀምጦ ስለ ከተማችን የወጣውን ብቻ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ፈረንጆቹ የማያጋጥማቸው ነገር አለ። “ደብረ ታቦር” ብላችሁ ብትፈልጉ አንድ ላይ ተጣብቆ “ደብረታቦር” ተብሎ የተጻፈው ያመልጣችኋል። “ጸጥታ” ብትሉ “ፀጥታ” አይመጣም፤ “ሐኪም” ብትሉ “ሀኪም” አይመጣም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ አስገብተን ፍለጋውን አንድ ጊዜ እናስቀምጠዋለን። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍም እንጨምራለን። ፊደል የሚያውቁ አባቶች ለዚህ ሥራ ከወጣቶቹ ይልቅ ያስፈልጉናል።

የማይችለው ምንድን ነው?

ኢንተርኔት ከምንጩ ሲዘጋ ማንበቢያው ከከተማው ወሬ አያወጣም። ከዞንና ከወረዳ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። የቴሌግራምን ክፍት ቻናሎች ወደ ፊድ የሚለውጥ አርኤስኤስ ብሪጅ የሚባል ነጻ ረዳት ፕሮግራም አለ፤ ገጾቹ ሲለወጡ ግን ይሰናከላል፤ ሙሉ እምነት አይጣልበትም። ማንበቢያው እውነቱን ከሐሰት አይለይም። የሚያደርገው፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንድ ወሬ በአንድ ምንጭ ብቻ ከቀረ ይታያል። ምንጭ ዝም ሲልም ይታያል። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲሰማ ኖሮ በማርች 2025 ሲቋረጥ እንደሆነው፣ አንድ ድምፅ ከጎደለ መጉደሉን አውቀን ቦታውን እንሞላለን።

ዝርዝሩ

እውነቱን ለመናገር፣ ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚያከራክረን ዝርዝሩ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ አገራችን ፖለቲካ አንድ ሐሳብ የለንም፤ ባለፉት ዓመታት በዚህ የተነሳ ከስብሰባ የቀሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የጋራው ዝርዝር የምንወደውን ብቻ ከያዘ ዋጋ የለውም። የማቀርበው እንዲህ ነው። ከውጭ ቢቢሲ አማርኛና ዶይቼ ቬለ አማርኛ፤ ከአገር ቤት የግል ሪፖርተር፣ አዲስ ስታንዳርድና ዋዜማ፤ ከመንግሥት በኩል ኢዜአና አሚኮ፤ ወሬ ለማጣራት ኢትዮጵያ ቼክ፤ ስለ እርዳታና ስለ ወረርሽኝ የተባበሩት መንግሥታት ሪሊፍዌብ፤ ለመንገደኛ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ማሳሰቢያ። ምንጭ ለመጨመር ሁለት አባላት ይጠይቁ፤ ለማውጣት ግን ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብና ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን። ከጋራው ሌላ እያንዳንዱ አባል በራሱ መግቢያ የፈለገውን ይጨምር፤ ያ የግሉ ነው።

ወጪውና ጠባቂው

አነስተኛ ሰርቨር በወር 5 ዶላር አካባቢ ይከራያል። ከዚያ የሚበልጠው ወጪ ሰዓት ነው። ፕሮግራሙን በየወሩ ማዘመን፣ መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሁለት ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ያስፈልጋል። ገጹ በይለፍ ቃል የተዘጋ ይሁን። የሌላ ሰው ጽሑፍ ለአባላት ማንበቢያ እንሰበስባለን እንጂ መልሰን ለሕዝብ አናወጣም።

ስለዚህ ከጉባኤው ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ለአንድ ዓመት ሙከራ የሰርቨሩ ወጪ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ሁለት አስተዳዳሪዎችና ሦስት የዝርዝር ኮሚቴ አባላት ዛሬ ይመረጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ከታላላቆቻችን ይሁን። ሦስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ስለ ከተማችን አስደንጋጭ ወሬ የሚያስተላልፍ ሰው ምንጩንና ቀኑን አብሮ ይጻፍ። ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፕሮግራሙን ባትፈቅዱት እንኳ እርሱን እንዳትነፍጉኝ።

ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እገኛለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው አስገባላችኋለሁ።