ሳይቃጠል በቅጠል
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር፣ የጤና ኢንሹራንስ የገባ ሰው በሐኪም ቤት ደጃፍ ከኪሱ እንዲጨምር የሚጠየቀው ክፍያ ወጣቶችን ከክትባት እንዴት እንደሚያስቀር ነው። ምሳሌያችን የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ናቸው፤ ነገሩ በዚያ አገር ብዙ ተፈትኗልና። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኢንሹራንስ ማለት ብዙ ሰዎች በጤናቸው ጊዜ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው የታመመውን የሚያሳክሙበት ዘዴ ነው፤ በአሳቡ ከእድራችን ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ሰው ያለ ምክንያት ሐኪም ቤት እንዳይመላለስ ተብሎ፣ ከዋጋው ከፊሉን ታካሚው ራሱ እንዲከፍል ይደረጋል። ይህ ብልኅነት ይመስላል። ነገር ግን ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ከ1974 እስከ 1982 ከ5,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከፊል ክፍያ የተጣለባቸው ሰዎች የቀነሱት የማይጠቅመውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም ጭምር መሆኑ ታወቀ። ክፍያ ገለባውን ከፍሬው አይለይምና።

ክትባትም ከሌላው ሕክምና ይልቅ በዚህ ይጎዳል። ጥርሱን የታመመ ሰው ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል፤ ሕመሙ ያስገድደዋል። ክትባት የሚያስፈልገው ወጣት ግን ምንም አያመውም፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲጠየቅ «ነገ እደርስበታለሁ» ይላል። ጉዳቱም በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሽታው ተላላፊ ሲሆን፣ ለመከተብ ያልደረሰው የጎረቤት ሕፃን ዕዳውን ይከፍላል።

ከ1989 እስከ 1991 በዚያው አገር ኩፍኝ ተነሥቶ ከ50,000 በላይ ሰዎችን ያዘ፤ ከ100 በላይም ገደለ። ከታመሙት ብዙዎቹ ያልተከተቡ ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ በኋላ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸውና የድሆች ልጆች ክትባትን በነጻ እንዲያገኙ በ1993 ሕግ ወጣ። ነገር ግን የሕጉ ወሰን 18 ዓመት ነው። ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን፤ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንገኘው በዚያው ዕድሜ ደፍ ላይ ነውና።

በ2006 የማኅፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ የአንዱ መርፌ ዋጋ 120 ዶላር ያህል ነበር፤ መርፌውም ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነበር። ሥራ ገና ያልያዘች የ19 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች? በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው ድረስ በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ ውስጥ እንዲቆዩ ፈቀደ፤ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶችም በባለሙያዎች የተመከሩትን ክትባቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ አዘዘ።

ታዲያ ክፍያው ሲነሣ ነገሩ አለቀ ወይ? አላለቀም። ኢንሹራንስ የሌለው ወጣት ከዚህ ጥቅም ውጭ ነው፤ ያለውም ቢሆን ሥራውን ትቶ፣ የመጓጓዣ ከፍሎ፣ ተራ ጠብቆ መከተብ አለበት። ይህም ራሱ ክፍያ ነው። በዚህ በኩል የአገራችን ሥራ ትምህርት ይሰጣል፤ ያው ክትባት በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ለብዙዎቹ የተሰጠው በየትምህርት ቤታቸው ነው። መርፌው ወደ እነርሱ መጣ እንጂ እነርሱ ወደ መርፌው አልተንከራተቱም።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ነጻ የሆነው ክትባት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ፈቃዳችሁን አትንፈጉን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ከመካከላችን ሐኪም፣ ሕግ አውጪ ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሚሆን ቢኖር፣ በክትባት በር ላይ ገንዘብ ተቀባይ እንዳያቆም አደራ እንላለን።